ሳይነግር መጥቶ ሳይነግር የሚሄድ ውሃ

ጡረታ የወጡት መምህር የጎንደር ሰው ውሃ መቆጠብ አያውቅም ባይ ናቸው። ማስረጃቸው የደቡብ አፍሪካዋ ኬፕ ታውን ነበረች። በፈረንጆቹ 2018 ግድቦቿ ሊደርቁ ሲቃረቡ ከተማዋ ለአንድ ሰው በቀን 50 ሊትር ብቻ ፈቀደች፤ አብዝቶ የሚጠቀመው ዋጋው እየከበደ እንዲሄድ አደረገች፤ ገደቡን ያከበሩ ቤቶችን በካርታ ላይ በአረንጓዴ ነጥብ አሳየች። «ፍጆታቸውን በጥቂት ዓመታት ከግማሽ በላይ ቀነሱት። እኛስ ምን ይሳነናል?» አሉ።

ቡና የምታፈላልን ሴት ጀበናውን አስቀመጠች። «መምህር፣ 50 ሊትር ለአንድ ሰው ነው ያሉኝ? እኔ ቤት ሁለት ጀሪካን ለአምስት ነፍስ የሚውልበት ቀን አለ። አትክልት ያጠብኩበት ውሃ ልብስ ይዘፈዘፍበታል፤ ልብሱ የታጠበበት ደግሞ መጸዳጃ ቤት ይደፋል። ከዚህ በላይ ምኑን ልቆጥብልዎ?»

አልጋ ቤት ያለው ጓደኛችን ጥፋቱ የሰው አይደለም አለ። ለከተማችን ውሃ የሚሰጠው የአንገረብ ግድብ በደለል ተጎድቷል፤ አዲሱ የመገጭ ግድብ ከተጀመረ ከአሥር ዓመት በላይ ሆነው፤ እሱ ሲያልቅ ጭቅጭቁም ያልቃል። መምህሩ በዚህ አልተስማሙም፤ ከላይ ያለው ተዳፋት መሬት ካልለማ አዲሱንም ግድብ ደለል ይከተለዋል አሉ። እዚህ ላይ ልክ ናቸው።

ክርክሩን የለወጠው ግን ያቺው ሴት የተናገረችው ነው። «ፈረቃው መቼ እንደሆነ ስለማይታወቅ ቧንቧውን ከፍተን እንተኛለን። ሌሊት ከመጣ በርሜሉ ሞልቶ፣ ግቢው ረጥቦ እናገኘዋለን። በማግስቱ ይመጣል ብለን ደግሞ የቆየውን ደፍተን አዲስ እንቀዳለን።» አልጋ ቤት ያለውም የእሱ ሮቶ እንዲሁ ሲፈስ እንደሚያድር አመነ።

እኔ የምፈርደው ለእሷ ነው። ጥማችንን የምናውቅ ሰዎች ውሃ የምናባክነው ስለማናከብረው አይደለም፤ መቼ እንደሚመጣ ስለማናውቅ ነው። የማክሰኞ ሌሊት ፈረቃ ማክሰኞ ሌሊት የሚመጣ ከሆነ ማንም ቧንቧ ከፍቶ አይተኛም፣ ማንም የቆየ ውሃ አይደፋም። ኬፕ ታውን ሰዉን ያሳመነችው በገደብና በቅጣት ብቻ አልነበረም፤ በግድቦቿ ውስጥ የቀረውን ውሃ በየሳምንቱ ለሕዝብ ትነግር ነበር። የአንገረብን መጠን በየሳምንቱ የሚነግረኝ ባገኝ እኔም በኩባያ ለመታጠብ ፈቃደኛ ነኝ። መንገድ ላይ የፈነዳ ቧንቧ ቀናት ሙሉ ሲፈስ እያየ ግን ቆጥብ የሚባል ሰው ምክሩን በምን ልቡ ይስማ?

መምህሩ በወደዱት ታሪፍ ላይ ደግሞ አንድ ነገር እጨምራለሁ። ብዙ የተጠቀመ ብዙ ይክፈል ማለት ቆጣሪው የአንድ ቤተሰብ ሲሆን ፍትሕ ነው። በአንድ ግቢ አምስት ተከራይ በአንድ ቆጣሪ ሲቀዳ ግን ቆጣሪው የሚያየው አንድ አባካኝ ነው፤ በጀሪካን እየቆጠሩ የሚኖሩት ሰዎች የትልቁን ተጠቃሚ ዋጋ ይከፍላሉ። ታሪፉ ከመጨመሩ በፊት በየቆጣሪው ስር ስንት ቤተሰብ እንዳለ ይመዝገብ፤ ይህ ደግሞ የቀበሌ ሥራ እንጂ የግድብ ያህል ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም።