ልምምዱ የት ይሁን?

ሰሞኑን ደሴ ፒያሳ አካባቢ ቡና ላይ የተገናኙ አራት ሰዎች ሲከራከሩ አብሬ ተቀምጬ ነበር። ነገሩ የተነሣው ኮምቦልቻ ላይ አርክቴክቸር የምትማር አንዲት ልጅ፣ ለኢንተርንሺፕ የምትወጣበት ጊዜ ስለደረሰና ዝንባሌዋም ወደ ቤት ውስጥ ዲዛይን ስለሆነ፣ የትብብር ደብዳቤዋን ወዴት ብታጽፍ እንደሚሻላት በመጠየቋ ነው።

ከጥቂት ዓመታት በፊት የተመረቀው ወጣት አላመነታም። «አዲስ አበባ ሂጂ» አላት። «እዚህ በቤት ውስጥ ዲዛይን ብቻ የሚሠራ ቢሮ ማግኘትሽ ያጠራጥራል። እኔ በልምምዴ ጊዜ የባንክ ቅርንጫፍና የሆቴል መግቢያ ከመጀመሪያው ውይይት ጀምሮ ሲነደፍ አይቻለሁ። ለደንበኛ አንድን ቀለም ለምን እንደመረጥን ማስረዳትን፣ ተመላልሶ የመጣን ንድፍ ሳይሰለቹ ማረምን የተማርኩት እዚያ ነው።»

የእንጨት ሥራ ቤት ያላቸው ጎልማሳ «አይቻለሁ አልክ እንጂ ሠርቻለሁ አላልክም» ብለው ያዙት። ወጣቱም በቅንነት መለሰ፤ አብዛኛውን ጊዜ ያሳለፈው ሌሎች የነደፉትን ስኬችአፕ በሚባለው የንድፍ ሶፍትዌር ላይ እያስገባ ቀለምና ብርሃን በመስጠት እንደነበር፣ እርሱ ከሣለው ውስጥ ተሠርቶ ሲገጠም ያየው ዕቃ ግን አንድም እንዳልነበረ ተናገረ።

ያን ጊዜ ልጅቷ ስልኳን አውጥታ የነደፈችውን የኩሽና ካቢኔት ለጎልማሳው አሳየቻቸው። መነጽራቸውን አድርገው ጥቂት ከተመለከቱ በኋላ እንዲህ አሏት፦ «ልጄ፣ ሣጥኑ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ 60 ሳንቲ ሜትር ነው ብለሻል፤ በውስጡ የሚገባውንም መደርደሪያ 60 ብለሻል። የምንሠራበት ኤምዲኤፍ የሚባለው የታመቀ የእንጨት ቦርድ 18 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው። የሁለቱ ጎኖች ውፍረት ሲቀነስ ለመደርደሪያው የሚተርፈው 56.4 ነው፤ በ60 ቆርጬ ብሰጥሽ የት ታስገቢዋለሽ?» ሙሉው ቦርድ 122 በ244 ሳንቲ ሜትር ቢሆንም መጋዙ በእያንዳንዱ ቁርጥ 3 ሚሊ ሜትር ያህል ስለሚበላ፣ 61 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያላቸው ሁለት ቁራጮች ጎን ለጎን ከአንድ ቦርድ እንደማይወጡም አስረዷት። «ደግሞ የእኛ ሰው ወለሉን በውሃ ያጥባል። ኤምዲኤፍ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሣጥኑን እግር ሰጥተሽ ከወለሉ ካላነሣሽው ባለቤቷ ዓመት ሳይሞላት ትረግመናለች።»

ልጅቷ ይህን ሁሉ እየጻፈች ስጋቷን ገለጸች። ትምህርት ክፍሏ የእንጨት ሥራ ቤትን እንደ ልምምድ ቦታ ይቀበል እንደሆነ አታውቅም፤ የግምገማ ቅጿን የሚሞላላት ባለሙያም ያስፈልጋታል። «ጋሼ፣ ሴት ስለሆንኩ ሻይ ማምጣትና መጥረግ ላይ ብቀርስ?» ስትላቸውም ጎልማሳው ወዲያው መልስ አልሰጧትም።

አራተኛው ሰው ግን ነገሩን አቀለለው። «አብሽሪ፣ የማውቀው ቢሮ አለ። የልምምድ ሥራ መመዝገቢያ ሎግ ቡክሽን ይፈርሙልሻል፣ ማህተሙንም ይመቱልሻል፤ አንቺ ቤትሽ ሆነሽ አንብቢ» አላት። የአዲስ አበባ የቤት ኪራይም ተነሥቶ ነበር፤ ከቤተሰብ 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ያለ ደመወዝ ወራትን መግፋት ምን ያህል እንደሚከብድ ሁሉም ስለሚያውቀው ብዙ አላከራከረም።

የማህተሙን ምክር በፍጹም አልቀበለውም። ያለ ሥራ የተፈረመ ሎግ ቡክ ይዛ የምትመረቅ ልጅ፣ ነገ የሰው ገንዘብ የፈሰሰበትን ቤት ስትረከብ የመደርደሪያውን ስህተት በደንበኛዋ ኪሳራ ትማረዋለች። በቀረው ክርክር ወደ ጎልማሳው አደላለሁ፤ ሆኖም ወጣቱ ያነሣው ነገር ችላ ሊባል አይገባም። የቤት ውስጥ ዲዛይን ከካቢኔት ይሰፋል። ብርሃኑ ከየት እንደሚገባ፣ ሰው በክፍሉ ውስጥ በየት በኩል እንደሚያልፍ፣ ደንበኛው በቃል ያልተናገረው ፍላጎት ምን እንደሆነ በመጋዝ ፊት ብቻ ቆሞ አይታወቅም።

ስለዚህ ደብዳቤዋን ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ውስጥ የጂፕሰም ኮርኒስ፣ የሴራሚክና የቀለም ሥራ ለሚሠራ፣ አርክቴክት ወይም መሐንዲስ ላለው የፊኒሺንግ ተቋራጭ ብታጽፍ፣ ከሳምንቱም የተወሰኑትን ቀናት በጎልማሳው ሥራ ቤት ብታሳልፍ ይሻላታል። ከመጀመሯ በፊት ግን የሚገመግማት ባለሙያ ማን እንደሆነ፣ ቢያንስ አንድ ክፍል ከልኬቱ እስከ ገጠማው ድረስ እንደምትከታተልና ደንበኛ ሲመጣ አብራ እንደምትቀመጥ በጽሑፍ አስፍራ ለአማካሪ መምህሯ ታሳይ፤ ልምምዱ ካለቀ በኋላ ትምህርት ክፍሉ አልቀበልም ቢል የባከነውን ጊዜ የሚመልስላት የለም። ሎግ ቡኩንም የወሰደችውን ልክና የተለወጠበትን ምክንያት ከነንድፉ እያሰፈረች ማታ ማታ ትጻፍ፤ በመጨረሻው ሳምንት ተሰብስቦ የሚጻፍ ሎግ ቡክ «በሥራ ላይ ተገኝቻለሁ» ከማለት አያልፍም።

ሻይ ማምጣቱንና መጥረጉን በተመለከተ ልጅቷ መስጋቷ ተገቢ ነው። ሥራ ቤትን ማጽዳት የሁሉም ሠራተኛ ድርሻ ከሆነ እርሷም ትካፈል፤ ለእርሷ ብቻ የሚተው ከሆነ ግን ልምምድ አይባልም። ጎልማሳው ሊለያዩ ሲሉ የመንገዷንና የምሳዋን ወጪ እንደሚችሉ ነገሯት፤ ደግ አድርገዋል። እኔ ግን ይህም፣ የጽዳቱም ተራ በዚያው ስምምነት ላይ ይጻፍ ባይ ነኝ።