ለተራረፈ አሞክሳሲሊን የቀረበ ውዳሴ

የከተማችን ወላጆች በጆሮ ሕክምና ረገድ ያሳዩት ጥበብ እስከ ዛሬ ተገቢውን ምስጋና አላገኘም። በፒያሳ፣ በአራት ኪሎና በተክለ ሃይማኖት የሚኖሩ እናትና አባት፣ ጥቁር አንበሳ ሆስፒታል እምብዛም ሳይርቃቸው፣ ልጃቸው ሌሊቱን ሙሉ «ጆሮዬን» እያለ ሲያለቅስ ቢያድር በማግስቱ ወረፋ ይዘው ጊዜ አያባክኑም፤ ታላቅ ወንድሙ ባለፈው ክረምት ጀምሮ የተወውን የአሞክሳሲሊን፣ ማለትም የባክቴሪያ ገዳዩን አንቲባዮቲክ፣ ሽሮፕ ከማቀዝቀዣው በር አንሥተው «ለእሱ ሠርቶለት ነበር» ይላሉ። ዱቄቱ በውኃ ከተበጠበጠ በኋላ ከሁለት ሳምንት በላይ መቀመጥ የለበትም የሚለው ማሳሰቢያ የተጻፈው ዕቃ መጣል ለማይከብዳቸው ሰዎች ነው።

ሽሮፑ ካለቀ ደግሞ ፋርማሲ አለ። መድኃኒቱ በሕግ ያለ ሐኪም ማዘዣ አይሸጥም፤ ሕጉን የሚያከብር ፋርማሲስት ግን ደንበኛ ከማስቀየም ሌላ ሙያ እንደሌለው ስለሚታወቅ፣ ብልሁ ገዢ መንገዱን ተሻግሮ «አራት ፍሬ ስጠኝ የኔ ልጅ» ሲባል የማያቅማማ ቤት ይገባል። አራት ፍሬ! ሐኪም ለሳምንት የሚያዘውን በአራት ፍሬ የሚያጠናቅቅ ቁጠባ በየት አገር ይገኛል? (እንክብሉ ተከፍቶ በማር ሲለወስ የልጁን ክብደት መመዘን አያስፈልግም፤ ዓይን ይገምታል።) በሦስተኛው ቀን ሕመሙ ሲቀል ምስጋናው በሙሉ ለእንክብሉ ይሆናል፤ አብዛኛው የሕፃናት የመሐል ጆሮ ሕመም ያለ አንቲባዮቲክም በሁለት በሦስት ቀን የሚቀል መሆኑን ማንሣት ውለታ ቢስነት ነው።

ከሁሉ በላይ መመስገን የሚገባው ግን ጉርብትናችን ነው፤ ባክቴሪያዎቹም እንደ እኛው መዋዋስ ያውቃሉና። የመሐል ጆሮን የሚያመረቅዙት ዋነኞቹ፣ ኒሞኮከስ፣ ሄሞፊለስ ኢንፍሉዌንዜና ሞራክሴላ ካታራሊስ፣ በአንድ ግቢ፣ ከአፍንጫ በስተኋላ ባለው የጉሮሮ ክፍል ይኖራሉ፤ ከዚያም በሕፃናት አጭርና አግድም በሆነው ቱቦ ወደ ጆሮ ይሻገራሉ። ሞራክሴላ ከሞላ ጎደል ሁልጊዜ ቤታ ላክታሜዝ የተባለ ኢንዛይም ታመርታለች፤ ኢንዛይሙ አሞክሳሲሊንን ሲያፈርሰው አጠገቧ ያለው ኒሞኮከስም አብሮ ይጠለላል። ኒሞኮከስ ራሱ ይህ ኢንዛይም ባይኖረውም፣ ጉሮሮ ውስጥ ከሚኖሩ ዘመዶቹ የዘረ መል ቁራጭ እየተዋሰ፣ መድኃኒቱ የሚያነጣጥርበትን፣ የራሱን የሕዋስ ግድግዳ የሚሠራውን ፕሮቲን ቅርጽ ይለውጣል። ደካሞቹን በአራት ፍሬ ጠርገን ለብርቱዎቹ ቦታ የምንለቅላቸው እኛ ስለሆንን፣ ውለታችንን የሚረሱ አይመስለኝም።

የአሞክሳሲሊን ታላቅ የሆነውን ፔኒሲሊንን እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1928 ያገኘው አሌክሳንደር ፍሌሚንግ፣ በ1945 በኖቤል ሽልማቱ ንግግር ላይ ጉሮሮውን ያመመው አንድ ምናባዊ ሰው አንሥቶ ነበር። ሰውየው ፔኒሲሊን በራሱ ፈቃድ ገዝቶ፣ ባክቴሪያውን ለመግደል የማይበቃ፣ መቋቋምን ለማስተማር ግን የሚበቃ መጠን ይወስዳል፤ የተማረው ባክቴሪያም ወደ ሚስቱ ተላልፎ፣ መድኃኒቱ እምቢ ብሏት ትሞታለች። ፍሌሚንግ ሰውየውን ምናባዊ ያደረገው አዲስ አበባን ስላላየ ነው።

የልጁ ጆሮ ታምቡሩ ተበስቶ ለወራት መግል ሲያፈስ፣ መምህሩም «ሲጠሩት አይሰማም» እያለ ሲከሰው፣ ሐኪም መግሉን ለካልቸር፣ ማለትም ባክቴሪያውን አሳድጎ ለሚለይ የላቦራቶሪ ምርመራ፣ ይልካል። ውጤቱ ፕሱዶሞናስ ከሆነ፣ ይህ ባክቴሪያ ለአሞክሳሲሊን ከጥንቱም ደንታ የሌለው በመሆኑ፣ ከክረምት ክረምት የተጠራቀመው ሽሮፕ ሁሉ አልነካውም ማለት ነው። የጥበባችን ዝና ግን በዚህ አይቀንስም። የግቢው እትዬ ወረቀቱን ሳያዩ «ሽሮፕ ዐቅም የለውም፤ እሱን የሚያድነው መርፌ ነው» ብለዋል፤ ያለ ማዘዣ የሚወጋበትንም ቤት ያውቃሉ።