ስቴትመንቱን መጀመሪያ የሚያየው ማን ነው?

በትንንሽ ንግድ ቤቶቻችን የባንክ ስቴትመንት የሚታወሰው ለሁለት ጉዳይ ነው። አንድም ለብድር፣ አንድም ለቪዛ። ማህተም ተደርጎበት ይወጣል፣ ለጠየቀው አካል ይሰጣል፣ በቃ። ባለቤቱ ቁጭ ብሎ መስመር በመስመር አያነበውም። ሂሳብ ሠራተኛውም ብዙ ጊዜ የሚያዘው ቫትና ግብር እንዲያሳውቅ ነው። በወር አንዴ መጥቶ ደረሰኝ ሰብስቦ ይሄዳል። መዝገብ ላይ ያለው ገንዘብና ባንክ ውስጥ ያለው ገንዘብ መገጣጠሙን የሚያጣራ ሰው የለም።

ይህ ነገር በጣም ያሳስበኛል። ሱቁ፣ ምግብ ቤቱ፣ ጋራዡ የሚዘጋው ገበያ ጠፍቶ ብቻ አይደለም። እየሸጠ የሚዘጋም አለ። ደንበኛው አልቀነሰም፣ ዕቃው ይወጣል፣ ገንዘቡ ግን የት እንደሚገባ አይታወቅም።

ስለዚህ የምለው አንድ ነገር ነው። ገንዘብ የሚቀበለውና የሚከፍለው ሰው፣ ያንኑ ገንዘብ ከባንክ ጋር የሚያመሳክረው ሰው መሆን የለበትም። ስቴትመንቱን ደግሞ ከማንም በፊት ባለቤቱ ይየው።

ይህ ሳይሆን ሲቀር ምን እንደሚመጣ በደንብ የሚያሳይ ታሪክ አለ። አሜሪካ፣ ኢሊኖይ ግዛት ውስጥ ዲክሰን የምትባል ትንሽ ከተማ አለች። ነዋሪዋ ወደ 16 ሺህ ቢሆን ነው። የከተማዋ የሂሳብ ኃላፊ ሪታ ክራንድዌል እ.ኤ.አ. በ1990 በከተማዋ ስም አንድ ተጨማሪ የባንክ ሂሳብ ከፈተች። ስሙን ለሰማ የፍሳሽ ፕሮጀክት ገንዘብ ይመስላል። ከዚያ ሀሰተኛ ኢንቮይስ እየሠራች የከተማዋን ገንዘብ ወደዚያ ታዞር ጀመር። ከ20 ዓመት በላይ እንዲህ ቀጠለች። የወሰደችው በድምሩ 53.7 ሚሊዮን ዶላር ነው። እሷ በዚያ ገንዘብ ፈረስ ታረባ ነበር። ከተማዋ ደግሞ በጀት የለም እየተባለ የመንገድ ጥገና ታስተላልፍ ነበር።

ከተማዋ ኦዲተር ነበራት። በየዓመቱ ሂሳቧ ይመረመር ነበር። ጉዱን ያወጣው ግን ኦዲተሩ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2011 ክራንድዌል ረዘም ያለ ፈቃድ ወጣች። ሥራዋን የሸፈነችላት የከተማዋ ጸሐፊ ባንኩን የሁሉንም ሂሳብ ስቴትመንት ላክልኝ አለችው። ከመጣው ውስጥ አንዱን ሂሳብ አታውቀውም። ለከንቲባው አሳየች፣ ከንቲባው ለአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ፣ ለኤፍቢአይ፣ ነገሩ። ክራንድዌል በ2012 ተያዘች፣ በ2013 የ19 ዓመት ከ7 ወር እስራት ተፈረደባት።

እዚህ ላይ የሚገርመው ዘዴው ረቂቅ አለመሆኑ ነው። ሴትየዋ ገንዘቡን ትይዛለች፣ ራሷ ትመዘግባለች፣ ስቴትመንት ያለበትን ፖስታም ራሷ ትቀበላለች። ሦስቱም ሥራ አንድ እጅ ላይ ወደቀ። አንድ ሌላ ሰው ፖስታውን ሲከፍት ከ20 ዓመት በላይ የቆየው ነገር በአንድ ቀን ታየ።

ይህን ስናወራ ከባለሱቆች ሁለት መልስ ይመጣል። የመጀመሪያው «ሦስት ሰው ነን፣ ማንን ከማን እለያለሁ?» የሚል ነው። ሁለተኛው የባሰ ነው። «የእህቴ ልጅ ናት፣ እንዴት ልቆጣጠራት?» ይባላል። የማይተማመን ባልንጀራ በየወንዙ ይማማላል የሚለውም ተረት ይጨመርበታል።

ለሁለቱም መልስ ያለው እድራችን ውስጥ ነው። እድር ውስጥ ዳኛ አለ፣ ጸሐፊ አለ፣ ገንዘብ ያዥ አለ። ገንዘብ ያዡ ገንዘቡን ይቀበላል፣ ጸሐፊው ይመዘግባል፣ ከባንክ ሲወጣ ከአንድ በላይ ሰው ይፈርማል። በዓመቱ መጨረሻ ሂሳብ የሚመረምር ሰው ተመርጦ በጉባኤ ፊት ያነባል። ይህ ሁሉ የሚደረገው ጎረቤት ለጎረቤት ስለማይተማመን አይደለም። እነዚያው ሰዎች አብረው ያለቅሳሉ፣ አብረው ይቀብራሉ። ገንዘብ ያዡም ቁጥጥሩን እንደ ስድብ አይቆጥረውም። ያው ሰው ሱቁ ውስጥ ሲገባ ግን ለአንድ ልጅ ቁልፉን፣ ደረሰኙን፣ የቼክ ደብተሩንና የሞባይል ባንኪንግ የይለፍ ቁጥሩን ያስረክባታል። የቀብር መዋጮውን ያህል እንኳ ለራሱ ንግድ አይጠነቀቅለትም።

ሦስት ሰው ብቻ ከሆናችሁም ይቻላል። አንዱ ገንዘብ ይይዛል፣ አንዱ ይመዘግባል፣ ባለቤቱ ያመሳክራል። ሁለት ከሆናችሁም ባለቤቱ ማመሳከሩን ለማንም አይስጥ።

አንድ ነገር በተለይ ሊሰመርበት ይገባል። ቁጥጥር ሲባል ሁሉም ሌባ መያዝን ያስባል። እኔን የሚያሳስበኝ ካልሰረቀችው ካሸር ላይ የሚደርሰው ነው። ማመሳከር በሌለበት ቤት ጉድለት ሲገኝ ጣት የሚቀሰረው ትንሹ ደሞዝተኛ ላይ ነው። ከደሞዟ ይቆረጣል፣ ወይም ስሟ ጠፍቶ ትባረራለች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ሕግ፣ የኅብረት ስምምነት፣ የፍርድ ቤት ትዕዛዝ ወይም የሠራተኛው የጽሑፍ ስምምነት ሳይኖር ደሞዝ መቁረጥን ይከለክላል። በተግባር ግን ማን ይሰማል? ጎደለ የተባለው ገንዘብ ደግሞ ያልተመዘገበ የባንክ ኮሚሽን ሊሆን ይችላል። ወይም ሁለቴ የተጻፈ ሽያጭ። ወይም ባለቤቱ ራሱ ማታ ከመሳቢያ ወስዶ የረሳው ብር። ማስታረቂያ፣ ማለትም መዝገብን ከባንክ ስቴትመንት ጋር ማመሳከር፣ ሳይሠራ ሰው መክሰስ ግፍ ነው።

ሥራው ደግሞ እንደሚፈራው አይደለም። በምሳሌ ልይዘው። በወሩ መጨረሻ መዝገባችሁ ባንክ ያለን 186,400 ብር ነው ይላል እንበል። ስቴትመንቱ 203,150 ይላል። ሁለቱም ሊሳሳቱ ይችላሉ፣ ስለዚህ ሁለቱንም እናስተካክላለን። በባንኩ በኩል፣ ለኪራይ የጻፋችሁት የ30,000 ብር ቼክ ገና አልተመነዘረም፣ ይቀነስ። በመጨረሻው ቀን ማታ ለባንክ የሰጣችሁት 12,000 ብር በማግስቱ ነው የተመዘገበው፣ ይደመር። 185,150 ይመጣል። በእናንተ በኩል ደግሞ ባንኩ 250 ብር የአገልግሎት ክፍያ ቆርጧል። አንድ ደንበኛ የሰጣችሁ የ5,000 ብር ቼክ ስንቅ ስለሌለው ተመልሷል። እነዚህ ይቀነሳሉ። ሌላ ደንበኛ ሳይነግራችሁ 4,000 ብር በቀጥታ አስገብቷል፣ ይደመራል። እዚህም 185,150 ይመጣል። ገጠመ። ካልገጠመ ልዩነቷ ትንሽ ናት ብላችሁ አትለፏት። የ100 ብር ልዩነት በውስጧ የ20,000 ጉድለትና የ19,900 ትርፍ ተጣፍተውባት ሊሆን ይችላል።

የድሮው ችግር ቼክ ነበር። ባለቤቱ ክፍለ ሀገር ሲሄድ አምስት ስድስት ባዶ ቼክ ፈርሞ መተው አሁንም አለ፣ ሊቀር ይገባል። ዛሬ ግን ትልቁ ቀዳዳ ዝውውር ላይ ነው። ማንኛውም ሱቅ ግቡ፣ ግድግዳው ላይ የንግድ ባንክ፣ የአዋሽ፣ የዳሽን፣ የአቢሲኒያና የቴሌብር ቁጥር ተደርድሯል። ለደንበኛው ምቹ ነው። ለሂሳቡ ግን አምስት የተለያየ ካዝና ማለት ነው፣ እያንዳንዱም ለብቻው መታረቅ አለበት። ከቁጥሮቹ አንዱ በሠራተኛ ስም ከሆነ ደግሞ ያ ሂሳብ ከእናንተ እይታ ውጭ ነው። ለጊዜው ተብሎ የተለጠፈ ቁጥር ዓመት ይቆያል። ዛሬውኑ ይነሳ።

ስክሪንሾትም ማስረጃ አይደለም። በስልክ አቀናብሮ ማሳየት ቀላል ሆኗል፣ ብዙ ነጋዴም ተበልቶበታል። ማረጋገጫው የዝውውሩ ቁጥር በእናንተ ሂሳብ ላይ መታየቱ ነው። ማታ የካሽ ሪጅስተሩን ዜድ ሪፖርት፣ ማለትም የዕለቱን ጠቅላላ ሽያጭ የሚያሳየውን ወረቀት፣ አውጡ። በጥሬው የተቆጠረው፣ በየባንኩ የገባውና በዱቤ የወጣው ተደምሮ ከዜዱ ጋር ይግጠም። ይህን በየቀኑ የሠራ ቤት የወሩ ማስታረቂያ አይከብደውም።

ባንክስ ይሳሳታል ወይ ለሚል ሰው፣ በመጋቢት 2016 ዓ.ም የኢትዮጵያ ንግድ ባንክ ላይ የደረሰው ይታወሳል። በሲስተም ችግር ምክንያት ደንበኞች ሂሳባቸው ላይ የሌለ ገንዘብ በሌሊት አወጡ፣ አዘዋወሩ። መጠኑ ከ800 ሚሊዮን ብር በላይ ነበር። አብዛኛው ግን በሁለት ሳምንት ውስጥ ተመለሰ። ባንኩ ማን፣ መቼ፣ ስንት እንደወሰደ ማወቅ የቻለው እያንዳንዱ እንቅስቃሴ በስምና በሰዓት ተመዝግቦ ስለነበር ነው። ሱቃችን ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ቢፈጠር ወደኋላ ሄደን የምንፈልግበት መዝገብ አለን?

ጥሬ ገንዘብ ላይም ጥቂት ልማዶች ቢለወጡ ትልቅ ለውጥ ይመጣል። የዕለት ሽያጭ ሳይነካ ሙሉው ባንክ ይግባ። ከመሳቢያ እየተነሳ የታክሲ፣ የጥገና፣ የሻይ አይከፈል። ለዚያ ፔቲ ካሽ፣ ማለትም ለትንንሽ ወጪ ለብቻው የሚቀመጥ ጥሬ ገንዘብ፣ ይያዝ፣ መጠኑም አይለዋወጥ። 5,000 ብር ከሆነ፣ በማንኛውም ሰዓት ሲቆጠር የቀረው ብርና የወጪ ማስረጃው አንድ ላይ 5,000 መሆን አለበት። አልፎ አልፎ ሳይነገር ይቆጠር። ገንዘብ ያዡም በዓመት ፈቃዱን ይውሰድ፣ በቦታው ሌላ ሰው ይሥራ። የአንዱን ደንበኛ ክፍያ ወስዶ በቀጣዩ ደንበኛ ክፍያ የሚሸፍን ሰው በቦታው ከሌለ መሸፈኑ ይቋረጣል። ለዚህ ነው አንድም ቀን ፈቃድ የማይወስድ ገንዘብ ያዥ ከምስጋና በፊት መታየት ያለበት።

ለሂሳብ ባለሙያዎችም የምለው አለኝ። ለግብር ብቻ ብላችሁ ወር አትዝጉ። ስቴትመንት ካልመጣልኝ አልዘጋም በሉ። ፒችትሪ የሚባለው የሂሳብ ሶፍትዌር ላይ የማስታረቂያ ገጽ አለ፣ ልዩነቱን በዝም ብሎ ማስተካከያ አጥፍቶ ማለፍ ግን ማስታረቅ አይባልም። ባንኮችም ቢሆኑ ለአነስተኛ ነጋዴ በየወሩ ስቴትመንቱን በቀጥታ ለባለቤቱ፣ ያለ ክፍያ ቢልኩለት ብዙ ቤት ይተርፋል። ቅርንጫፍ ሄዶ ወረፋ ይዞ የሚወጣ ወረቀት ብዙ ጊዜ የሚወጣው በተላላኪ ነው። ተላላኪው ደግሞ ገንዘብ ያዡ ነው።

ዓመታት ሳይታረቅ የቆየ ሂሳብ ያለው ሰው የቱ ጋ ልጀምር ይላል። ወደኋላ ሁሉን ለመቁጠር አትሞክሩ። የሰኔ 30 ስቴትመንት ከሁሉም ባንክና ከቴሌብር አውጡ። በዚያን ቀን ካዝና ውስጥ ያለውን ብር በሁለት ሰው ፊት ቆጥራችሁ ሁለታችሁም ፈርሙበት። ያልተመነዘሩ ቼኮችን ዘርዝሩ። ከመዝገቡ ጋር ያለው ያልታወቀ ልዩነት በማንም ስም ሳይሆን ለብቻው ይጻፍ፣ ሂሳብ ባለሙያው ቀስ ብሎ ያጣራው። ከሐምሌ 1 ጀምሮ ግን እያንዳንዱ ወር በጨረሰ በሳምንቱ ይታረቅ።