ባሕር ዳር የሚኬደው በሰመር ብቻ ነው ያለው ማነው?

እኛ የዲሲ፣ የሜሪላንድና የቨርጂኒያ ሀበሾች ባሕር የምንሄደው ሰመር ላይ ነው። ልጆቹን፣ ዣንጥላውንና የሚጠበሰውን ሥጋ ጭነን ሜሪላንድ ወዳለችው የባሕር ዳር ከተማ፣ ወደ ኦሽን ሲቲ። መኪና ማቆሚያ ስንፈልግ ግማሽ ቀን ያልቃል። ከዚያ አሸዋ ላይ ተኝተን እንመለሳለን። መዝናናቱን አልጠላም። ግን ከዚያው ብዙም ሳይርቅ፣ ደላዌር ውስጥ፣ ሉዊስ የምትባል ትንሽ የባሕር ዳር ከተማ አለች። ታሪኳ ወደ 400 ዓመት ይጠጋል። እሷን ማየት በብርድ ነው።

ባለፈው የካቲት የ11 ዓመት የእህቴን ልጅ ይዤ ሄድኩ። ቤይ ብሪጅ የሚባለውን የሜሪላንድ ድልድይ ከተሻገርን በኋላ መንገዱ ጭር ብሏል። ከተማው ውስጥ መኪና ማቆሚያ እንደ ልብ ነው። ንፋሱ ፊት ይገርፋል፤ ይህን አልደብቅም። ወፍራም ጃኬትና አንድ ፔርሙዝ ሻይ ያስፈልጋል።

መጀመሪያ ያየነው አንድ የመድፍ ጥይት ነው። እ.ኤ.አ. በ1813 የእንግሊዝ መርከቦች ከተማዋን ደብድበው ነበር። ከጥይቶቹ አንዱ ዛሬም ከአንድ አሮጌ የእንጨት ቤት መሠረት ላይ እንደተሰካ አለ። ብረቱ ጠቁሯል፣ ክብ ነው፣ ከብርቱካን ብዙም አይበልጥም። ከዚያ ሁሉ ድብደባ የሞተችው አንዲት ዶሮ ብቻ ናት ይላሉ፣ አንድ አሳማም ቆስሏል። ልጅቷ ጎንበስ ብላ ረጅም ጊዜ አየችው። ሐምሌ ላይ ቢሆን ከኋላችን ያለው ሰው ይገፋን ነበር።

እኔን የያዘኝ ግን ሌላ ነው። መሀል ከተማ በ1931 የተሠራ፣ የጣሪያው ጠርዝ እንደ ደረጃ የተሠራ፣ ሆላንድ ያለውን የሆርን ከተማ አዳራሽ አስመስለው ያቆሙት ሙዚየም አለ። በ1631 ዓሣ ነባሪ ሊያጠምዱና ሊያርሱ እዚህ ለመጡት ደቾች (የሆላንድ ሰዎች) ማስታወሻ ነው። ሰፋሪዎቹ የአገራቸውን አርማ በቆርቆሮ ላይ ስለው በእንጨት ላይ ሰቀሉ። ከአገሩ ባለቤቶች፣ ከሌናፔ ሕዝብ አለቆች አንዱ ቆርቆሮውን የትምባሆ ፒፓ ልሥራበት ብሎ ወሰደው። ደቾቹ ተቆጡ። ነገሩ ተካረረና አለቃው በገዛ ወገኖቹ ተገደለ። የአለቃው ወዳጆች ደግሞ ደሙን ለመመለስ ሰፋሪዎቹን ጨረሷቸው። ዴ ፍሪስ የሚባለው የደቾቹ መሪ በ1632 ዲሴምበር ላይ ሲደርስ ያገኘው የተቃጠለ ምሽግና አጥንት ነው። እሱም የደረሰው በዚሁ በብርድ ነበር። በእነዚያ ቀናት ያ ባሕር ምን እንደሚመስል ቆመህ ስታየው ታሪኩ ሌላ ይሆናል።

"ብዙው ነገር ዝግ ነው እኮ" ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፣ አንዳንዶቹ የድሮ ቤቶች በብርዱ ወራት ሰዓታቸውን ያሳጥራሉ። ቀድማችሁ ደውሉ። ግን ከውጭ የሚታየው ብቻ ቀኑን ይሞላል። ከከተማዋ አጠገብ ባለው የባሕር ዳር ምድር፣ ኬፕ ሄንሎፐን ላይ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት የጠላት መርከብ ይጠበቅባቸው የነበሩ የሲሚንቶ ማማዎች አሉ። በ1945 ግንቦት አንድ የጀርመን ሰርጓጅ መርከብ እጁን የሰጠው እዚያ ነው።

ልጆቻችን ስለ ላሊበላና ስለ አክሱም ከእኛ ይሰማሉ፣ ደግ ነው። የሚያድጉበት አፈር ላይ ማን እንደኖረ የሚነግራቸው ግን ማነው? ገበያ ማዕከል ውስጥ የምናሳልፈው ቅዳሜ ስንት ነው?

ስንመለስ ልጅቷ መኪና ውስጥ ዝም ብላ ቆየችና "አለቃውስ ስሙ ማነው?" አለችኝ። የደቾቹ መሪ ሐውልት ሙዚየሙ አናት ላይ ቆሟል። የአለቃውን ስም ግን ዴ ፍሪስ አልጻፈውም። የሌናፔ ዘሮች ዛሬም እዚያው ደላዌር ውስጥ፣ ቼስዎልድ አካባቢ ይኖራሉ። በሚቀጥለው ጉዟችን መጀመሪያ የምንቆመው እዚያ ነው።