«ቀይ ናት ጥቁር?»

ቆዳ ስለሚያቀላ ክሬም የጻፋችሁትን ሳነብ ታናሽ እህቴ ድቅን አለችብኝ። ከሰርጓ በፊት አንዲት ዘመዳችን «ትንሽ ብትቀዪ እኮ ቬሎው ያምርብሽ ነበር» አለቻት። በማግስቱ ምን እንዳለበት ያልተጻፈበት ክሬም ገዝታ መጣች። መጀመሪያ ፊቷ ፈካ አለ። ከዚያ ጉንጯ ተላጠ፤ ፀሐይ ሲነካት ያቃጥላታል። ሐኪሟ እንዲህ ባሉ ክሬሞች ውስጥ ከሚገኙት ኬሚካሎች ሃይድሮኪኖን ብዙ ጊዜ ሲቀቡት መልሶ ሊያጠቁር፣ ሜርኩሪ ደግሞ ኩላሊት ሊጎዳ እንደሚችል ነገራት።

እኔን ግን የሚያንገበግበኝ ሌላ ነው። ልጅ ስትወለድ ገና አራስ ቤት «ቀይ ናት ጥቁር?» የምንለው እኛው ነን። ጆሮዋን ገልጠን «መልኳ ገና ይጠቁራል» እንላለን።

አሁን እህቴ ሴት ልጅ አላት፤ እሷን ቁርጥ፣ ጠይም። ባለፈው ያቺው ዘመዳችን ጆሮዋን ልታይ ስትል እህቴ ልጇን እቅፍ አድርጋ «እትዬ፣ በቃ! ልጄ ፊት ይሄ አይወራም» አለቻት።