ለአውራ ዶሮም መመሪያ ይውጣ

ሰሞኑን በሰፈራችን የአውራ ዶሮ ክርክር ተነሥቷል። ባንክ ቤት የሚሠራ አንድ ወጣት ጎረቤታችን ሆኗል። ጨዋ ልጅ ነው፤ የእትዬ ዶሮ ግን እንቅልፍ ነሥቶታል። ዶሮው ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት ይጀምራል። እኛ እዚህ ጎጃም በዶሮ ጩኸት ተነሥተን ቤተ ክርስቲያን ስንሳለም ያደግን ሰዎች ነን፣ አይሰማንም። ልጁ ይሰማዋል። መተኛት ደግሞ መብቱ ነው፣ በሱ አልተቀየምኩም።

የተቀየምኩት በሌላ ነው። ከእትዬ ጋር አጥራቸው አንድ ነው። ጠዋት «እንደምን አደሩ» ይላቸዋል፣ እሳቸውም ቡና ይጠሩታል። ስለ ዶሮው ግን አንዲት ቃል አልተነፈሰም። ይልቅ በእድር ስብሰባ ላይ እጁን አወጣና «በከተማ ውስጥ ዶሮ ስለ ማርባት መንግሥት መመሪያ ሊያወጣ ይገባል» አለ።

እድርተኛው አጨበጨበ! እትዬ ራሳቸው ሳይቀሩ አጨበጨቡ። የማን ዶሮ እንደሆነ አልገባቸውም።

ይህች «መመሪያ ይውጣ» የምትባል ነገር እንደ ጉንፋን ሁላችንንም ይዛናለች። ጠላ ሲወደድ፣ መንግሥት የት ነው ያለው? የሰርግ ድግስ ሲበዛ፣ መንግሥት ይከልክል። ጎረምሳ ፀጉሩን ሲያንጨባርር፣ ምነው ሕግ የለም እንዴ? እነዚሁ ሰዎች ማታ ጠጅ ቤት ተቀምጠው «መንግሥት በማያገባው እየገባ አስቸገረን» ይላሉ። ማን ጠርቶት ገባ? በሞቴ ግባ፣ አፈር ስሆን ግባ ያልነው እኛው ነን። ገብቶ ጎረቤታችንን ይቆጣልናል ብለን ነበር፤ እሱ ጓዳችን ድረስ ዘለቀ።

ባስቲያ የሚባል ፈረንሳዊ ነበር። በፈረንጆች 1845 በሻማ ሠሪዎች ስም አንድ የቀልድ አቤቱታ ጻፈ። ፀሐይ የምትባል ባዕድ ብርሃኗን በነፃ እያደለች ገበያችንን ገደለችው፤ ስለዚህ ሰው ሁሉ መስኮቱን እንዲዘጋ በሕግ ይታዘዝልን የሚል ነው። ሰውዬው የቀለደ መስሎታል። የእኛን እድር ቃለ ጉባኤ ነው የጻፈው።

መስኮት ካነሣን አይቀር፣ እንግሊዝ ከ1696 እስከ 1851 ድረስ በመስኮት ብዛት ግብር ታስከፍል ነበር። ሰዉ ምን አደረገ መሰላችሁ? መስኮቱን በጡብ ደፈነ። ግብሩም ቀነሰ፣ ብርሃኑም ቀረ። የዶሮ ግብር ቢመጣ እኛ የምናደርገውን አስቡት። በአንድ ቀን ወጥ ነው።

እኔ «ሰማይ አይታረስ፣ ንጉሥ አይከሰስ» የምትለዋን ተረት እወዳታለሁ። በተለይ የፊተኛውን ግማሽ። ገበሬ እንዳወጣት ታስታውቃለች፤ ሞፈሩ የማይደርስበትን ቦታ ሲያስብ ሰማይ ብቻ ነው የታየው። የኋለኛውን ግማሽ ግን የጎጃም ሰው የጨመረበት አይመስለኝም። ጎጃሜ ንጉሥ አይከሰስም ብሎ እጁን አጣጥፎ ሲቀመጥ ታሪክ አላየውም።

በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ ወጣ። ገማች መጥቶ ምርቱን ይገምታል፣ ግብሩም በዚያ ይታሰባል ተባለ። ገበሬው ዛሬ ምርቴን የገመተ ነገ ርስቴን ይለካል ብሎ ጠረጠረ። ርስት ደግሞ ያኔ ነፍስ ነበር። ሞጣም፣ ቢቸናም፣ ዳሞትም ገማች አናስገባም አሉ። ጦር ተላከ፣ አውሮፕላን ተላከ፣ ሰው ሞተ። በመጨረሻ ጠቅላይ ገዥው ደጃዝማች ፀሐዩ እንቁ ሥላሴ ከቦታቸው ተነሡ፣ ውዝፉ ግብርም ተማረ። ጠመንጃ አንሡ እያልኩ አይደለም፤ የዚያን ጊዜው ደም ይበቃል። የሚያቃጥለኝ ሌላ ነው። ገማች በማሳዬ አያልፍም ያለ ሰው የልጅ ልጅ፣ ዛሬ ለዶሮ ቆጡ ገማች ይላክልኝ ብሎ ያጨበጭባል።

ይህን ስጽፍ አያቴ ትዝ አለችኝ። ትዝ ካለችኝ ደግሞ ዝም ማለት አልችልም።

በደርግ ጊዜ ገበሬው እህሉን በኮታ፣ መንግሥት በቆረጠው ዋጋ ያስረክብ ነበር። ጎጃም ጤፍ አብቃይ ስለሆነ ኮታው ጠንቶበታል። ምርት የከዳው ገበሬ ከገበያ በውድ ገዝቶ ለመንግሥት በርካሽ ያስረክባል። በየመንገዱ ኬላ አለ፤ እህል ከክፍለ ሀገር ክፍለ ሀገር እንደ ልቡ አይሻገርም። በ1982 ዓ.ም. ቅይጥ ኢኮኖሚ ታውጆ ነገሩ እስኪቀር ድረስ እንዲህ ተኖረ።

አያቴ ኮታዋን ጨርሳ ከቀራት ላይ ጥቂት ጤፍ በስልቻ ቋጠረች። አዲስ አበባ ያለችው ልጇ አራስ ነበረች። አውቶቡሱ አባይ በረሃ ሊወርድ ሲል ኬላ ጠባቂው ስልቻውን አወረደው። ኮንትሮባንድ ነው አላት። የራሷ ማሳ፣ የራሷ በሬ፣ የራሷ ልጅ፣ ኮንትሮባንድ! አያቴ ፍልሰታን ትፆማለች፣ ሁዳዴን ትፆማለች፣ ያስቀየማትን ሁሉ ይቅር ትላለች። እሱን ግን አላለችም። የንስሐ አባቷ ቢለምኗት «አባ፣ ጤፌን ይመልስና እፈታዋለሁ» ነበር መልሷ። እሷ አረፈች። እኔ ቂሙን ወርሼ ቀረሁ፤ ሌላ የወረስኩት ነገር የለም፣ መሬቱም የመንግሥት ነው።

ሃየክ የሚባለው ኦስትሪያ የተወለደ ምሁር በፈረንጆች 1974 የኖቤል ሽልማት ያገኘ ነው። ዋጋ የተበታተነ እውቀት የሚሰበሰብበት ነገር ነው ይላል። ቢቸና ላይ በረዶ ጤፉን መትቶታል፣ ነዳጅ ጨምሯል፣ አዲስ አበባ በላተኛው በዝቷል። ይህን ሁሉ አንድ ላይ የሚያውቅ ባለሥልጣን የለም፤ ዋጋው ግን ለሁሉም ይነግራል። እኛ ወሬው ስላልጣመን የነጋሪውን አፍ እንይዛለን። ፋሲካ ሲደርስ ግብረ ኃይል ይቋቋምና እንቁላል ከዚህ በላይ እንዳይሸጥ ይባላል። በዚያው ቀን እንቁላል ርካሽ ይሆናል። የለም እንጂ ርካሽ ነው! ስኳር በቀበሌ መጣ ሲባል ፌስታል ይዞ የሮጠ ሰው ይህን ለመረዳት ሃየክ አያስፈልገውም። ግን አይረዳም። ሰልፉ ላይ ቆሞ «ቁጥጥሩ ይጥበቅ» ይላል።

ሐምሌ 2016 የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ተለቀቀ። ዶላሩ ነፃ ወጣ። በዚያው ሰሞን ዘይት አስወደድክ እየተባለ ሱቅ ይታሸግ ጀመር። ዶላር በነፃነት ይጨምር፣ በዶላር የመጣው ዘይት ግን ባለበት ይቁም ማለት ነው። ባለ ሱቁ ምን ያድርግ? ልዩነቱን ከእናቱ ተዝካር ይክፈል?

መንግሥት ይጥፋ የምል እንዳይመስላችሁ። ሌባ ይያዝልኝ። ውል ያፈረሰብኝን ዳኛ ያስገድድልኝ። መንገዱንም ቢጠርገው ደስ ይለኛል። ከዚያ ወዲያ ያለውን ከጎረቤቴ ጋር እንነጋገር፤ ጎጃም ሽማግሌ አጥቶ አያውቅም። እትዬን አንድ ቀን ቢያናግሯቸው ዶሮውን ማታ ማታ ወደ ጓሮ ያዞሩት ነበር። መመሪያው ቢወጣ ግን እወቁት። መጀመሪያ ዶሮ ይመዘገባል። ቀጥሎ የዶሮ ባለቤት ነዋሪ መሆኑን የሚገልጽ ደብዳቤ ያመጣል።

ደብዳቤ ስል ደግሞ ደሜ ይፈላል። ባለፈው ለአንድ ጉዳይ የነዋሪነት ደብዳቤ ተጠየቅሁና ወደሚጽፈው ቢሮ ሄድኩ። ጠረጴዛው ላይ ያለው ልጅ ከቤቴ ሦስተኛው በር ላይ ነው የሚኖር። ክርስትናው ላይ ጠላ ጠጥቻለሁ። እናቱ ሲታመሙ ሌሊት ሐኪም ቤት ያደረስናቸው እኛ ነን። ቀና ብሎ አየኝና እዚህ ሰፈር ለመኖሬ ሦስት ምስክር ጠየቀኝ።

«አንተው አትመሰክርም?» አልኩት።

«እኔማ አውቅዎታለሁ ጋሼ» አለኝ፣ ከወንበሩ ብድግ ብሎ በአክብሮት። «ፋይሉ ነው የማያውቅዎት።»