ስም ያለው ውሻው ብቻ

ባለፈው ክረምት ፊልም ሠሪዎች ከአዲስ አበባ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ተጉዘው ጅማ ገቡ። ፊልሙ በ1971 ዓ.ም. እዚሁ ከተማ ውስጥ ስለሚያድግ ልጅ ነው አሉ። ዳይሬክተሩ፣ "ጋሼ፣ እርስዎ የሰፈሩ አድባር ነዎት፤ ስለዘመኑ ያማክሩን" ብሎ ጀምሮ አበል ሲጠቅስልኝ፣ አድባርነቴን ወዲያው ተቀበልኩ።

ለዕቃ ያላቸው ጥንቃቄ ያስቀናል። አንዲት አሮጌ ቮልስዋገን ለማግኘት ሦስት ሳምንት ፈጀባቸው። ፋኖሱ የዘመኑ አይደለም ተብሎ ተመለሰ። ባለሦስት እግሩ የጅማ በርጩማ ቫርኒሽ በዝቶበታል ተብሎ አንድ ምስኪን ልጅ ከጠዋት እስከ ማታ በብርጭቆ ወረቀት ሲፈገፍገው ዋለ።

ጎረቤቶቼን ግን በግማሽ ቀን ጨረሷቸው። ዳይሬክተሩ ዝርዝሩን አሳየኝ። ጉራጌ 1፣ ባለሱቅ። ዐረብ 1፣ እሱም ባለሱቅ። ዳውሮ 1፣ ተሸካሚ። ከፋ 1፣ ቡና ታፈላለች። ኦሮሞ ሽማግሌ 1፣ መርቆ ይሞታል። በ1999ኙ ቆጠራ 120,960 ሰው የተገኘበት ከተማ በአምስት ሰው አለቀ። ከዋናው ልጅ ሌላ ስም ያለው ውሻው ብቻ ነው።

"አንተ ልጅ" አልኩት፣ "የኛ ጉራጌ ጎረቤት ልብስ ሰፊ ነበሩ። ሒሳብ የሚባል ነገር አይሆንላቸውም፤ መልስ እንኳ የሚቆጥሩላቸው ዳውሮው ጎረቤታችን ናቸው። እሳቸው ደግሞ አስተማሪ ነበሩ። አርጩሜያቸውን ቂጤ እስከ ዛሬ ይመሰክራል።"

"ጋሼ፣ ተመልካች ግራ ይጋባል።"

ይጋባ እንጂ! እኛስ ግራ ተጋብተን አይደል ያደግነው? አዌቱ ወንዝ ዳር ኳስ ስንጫወት በኦሮምኛ ተጠራርተን፣ በአማርኛ ተሰዳድበን፣ ማታ ደግሞ በየእናታችን ቋንቋ ነበር የምንገረፈው። የፊልሙ ልጆች ግን የዜና አንባቢ አማርኛ ነው የሚያወሩት። ስድብም አያውቁም። ያኔ ዳውሮዎቹን በምን ስም እንጠራቸው እንደነበር ለዳይሬክተሩ ስነግረው፣ "እሱ ለስፖንሰር አይመችም" ብሎ ወሬ ቀየረ። እኔም አልገፋሁበትም። ያንን ስም ከሰፈሩ ልጅ ሁሉ አብልጬ የጠራሁት እኔ ነበርኩ።

ሰርጉ ሲቀረጽማ ጉድ አየሁ። አምስት ብሔረሰብ በየባህል ልብሱ ተሰልፎ ገብቶ በየተራ ጨፈረ። እኛ እኮ ሰርግ ስንጠራ የምንለብሰው ከዘመድ የተዋስነውን ኮት ነበር! ሕገ መንግሥቱ የጸደቀው ኅዳር 29 ቀን 1987 ዓ.ም. ነው፤ የኛ ሰርገኞች 16 ዓመት ቀድመው የብሔር ብሔረሰቦችን ቀን አከበሩ።

በመጨረሻው ቀን ዳይሬክተሩ በነገሬ ተሸንፎ ይሁን ተሰላችቶ እንጃ፣ "እሺ ጋሼ፣ አንድ እውነተኛ ሰው ይስጡኝ፤ ከነስሙ አስገባዋለሁ" አለኝ።

ደስ አለኝ። ሐሙስ ሐሙስ፣ በገበያ ቀን፣ ከጅሬን በኩል እንጨት ተሸክማ የምትወርደውን ሴት ነገርኩት። ዝናብ አብስብሷት (ጅማ መቼ ዝናብ አጥታ!) ሸክሟን ሳታወርድ ደጃችን ላይ ግድግዳ ተደግፋ፣ እናቴ ያቀበለቻትን ቡና በጨው ፉት ትላለች። ከዚያ መቀነቷን ፈታ አድርጋ አንድ ዘይቱን ታወጣና በእጄ ታስይዘኛለች። ዘይቱኑ ሁልጊዜ ሙቅ ነው፤ ከሰውነቷ ጋር ተጣብቆ ስለሚመጣ። ይህ ስንት ዓመት ሙሉ!

ዳይሬክተሩ ዐይኑ እንባ አቀረረ። እስክሪብቶውን አወጣ።

"ስሟ ማን ነበር?"

እኛ ቤት "እንጨቷ መጣች" ነበር የሚባለው።

ጠበቀኝ። የሲኒው ጠርዝ የቱ ጋ እንደተሸረፈ ትዝ አለኝ። ውሻችን ሲያያት ጭራውን እንዴት እንደሚቆላ ትዝ አለኝ፤ የውሻው ስምም ትዝ አለኝ። በመጨረሻ እሱው ራሱ ጻፈው፦ "እንጨት ሻጭ 1"።

አበሌን ፈርሜ ተቀበልኩ።